የኮምፒዩተርን ኀይል በቁና ስለ መግዛት

ሰው ሁሉ ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ በገዛ ቤቱ ያኑር ቢባል፣ በዓለም ላይ ሥራ የሚሠራ ባለጸጋ ብቻ በሆነ ነበር። እህሉን ለማስፈጨት የሚሻ ሰው የወፍጮ ሞተር አይገዛም፤ እህሉን ይዞ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ በቁናው ልክ ይከፍላል፤ ዱቄቱን ተሸክሞ ይመለሳል። መጽሐፍ ለማሳተም የሚሻ ደራሲም የማተሚያ መኪና አይገዛም፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ስንት ደራሲ የእጅ ጽሑፉን ይዞ ገብቶ የታተመ መጽሐፍ ይዞ ወጥቷል። ለኀዘን ወይም ለሰርግ ድንኳን ያስፈለገው ሰውም ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱንም ከዕድሩ ያወጣል እንጂ፣ ለሁለት ቀን ጉዳይ ብሎ ቤቱን በድንኳን አያጣብብም። እንዲህ ያለው ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

እነሆ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጥ ያሰብነው፣ ይኸው የቆየ ልማድ ወደ ኮምፒዩተር ሥራ እንዴት እንደ ገባ፣ በከተማችን ላለው ነጋዴ፣ ለትልቁም ለትንሹም፣ ምን እንደሚጠቅመው፣ ደግሞም ምን እንደሚያግደው ነው። የውጭ አገር ሰዎች ነገሩን ክላውድ ይሉታል፤ ትርጓሜው ደመና ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች እንደ እኛ አሳብ መልካም ስም አላወጡለትም። ደመና የተባለው ከሰማይ የለምና፤ ያለው በምድር ላይ ነው፤ በሲሚንቶና በብረት በታነጸ ቤት ውስጥ በመደርደሪያ የተሰደሩ ብዙ ሺሕ ኮምፒዩተሮች ናቸው፤ መብራት ይበላሉ፣ ይግላሉ፣ በማቀዝቀዣ ይቀዘቅዛሉ፣ በዘበኛ ይጠበቃሉ። መሐንዲሶች የስልክንና የኮምፒዩተርን መስመር በወረቀት ሲነድፉ፣ ዝርዝሩን ማሳየት የማያስፈልገውን ክፍል በደመና ሥዕል ይሸፍኑት ነበርና ስሙ ከዚያ መጣ ይባላል። ስም አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ግን ሰው ሁሉ በሚጠራበት መጥራት ይሻላልና፣ እኛም ክላውድ እንለዋለን።

አሳባችንን ግልጥ ለማድረግ ወደ አንድ ሰፈር እንሂድ። በኡራኤልና በቦሌ መድኃኔ ዓለም መካከል ያለው፣ አትላስ ከሚባለው ሆቴል ስሙን ያገኘው ሰፈር የንግድ ሰፈር ነው። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ በቆሙት ፎቆች ውስጥ ከምድር ቤቱ ቡና ቤት፣ ከዚያ በላይ የጥርስ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ በላይ የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ፣ የሒሳብ ዐዋቂ ቢሮ፣ የአስጎብኚ ቢሮ፣ የሕንፃ ነዳፊ ቢሮ ይገኛል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጥቂት ሠራተኛ ያላቸው ትናንሽ ድርጅቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ድርጅት የደንበኞቹን መዝገብ፣ ሒሳቡንና የውል ወረቀቱን ሁሉ የሚያኖረው ብዙ ጊዜ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠች በአንዲት ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። መብራት ጠፍቶ በኀይል የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ሌባ የገባ እንደ ሆነ፣ ቫይረስ የተባለው ደዌ የያዛት እንደ ሆነ፣ የዐሥር ዓመት መዝገብ በአንድ ቀን ይጠፋል። የጠፋችው ኮምፒዩተሯ ብቻ ብትሆን ነገሩ ባልከፋ ነበር፤ ኮምፒዩተር ይገዛል። የጥርስ ሐኪሙ የሕመምተኞቹን ታሪክ፣ ሒሳብ ዐዋቂው የደንበኞቹን የሒሳብ ሰነድ ግን ከየት ገበያ ይገዛዋል?

ከዚህ ጭንቀት ለማምለጥ ለሚሻ ድርጅት ቀድሞ የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ሰርቨር የሚባለውን ታላቅ ኮምፒዩተር ራሱ መግዛት ነው። ሰርቨር የገዛ ሰው ግን ሰርቨር ብቻ አልገዛም። ለእርሱ የሚሆን ክፍል ይከራያል፤ ቀንና ሌሊት የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ያቆማል፤ መብራት ሲጠፋ የሚደርስ ባትሪና ጄኔሬተር ያዘጋጃል፤ ሲበላሽ የሚጠግን ባለሙያ በደመወዝ ይቀጥራል። ደግሞም ምን ያህል ጉልበት ያለው እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ መገመት አለበት፤ አሳንሶ የገመተ እንደ ሆነ ሥራው ሲሰፋ ይጠበዋል፤ አብልጦ የገመተ እንደ ሆነ ገንዘቡ በብረት ላይ ተኝቶ ይቀራል። ይህን ሁሉ ባንክና አየር መንገድ ይችሉታል፤ የአትላስ አስጎብኚ ግን አይችለውም።

የኮምፒዩተርን ኀይል ከሩቅ ስፍራ ሆኖ በኪራይ የመጠቀም አሳብ በእኛ ዘመን የተወለደ አይደለም። ጆን ማካርቲ የተባለው የአሜሪካ ሊቅ በ1953 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መቶኛ ዓመት ሲከበር ባደረገው ንግግር፣ ኮምፒዩተር እንደ ስልክ ሁሉ አንድ ቀን ለሕዝብ በሚሰጥ አገልግሎት መልክ ሊደራጅ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። በዚያው ዘመን አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው አየር መንገድና አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ ሴበር የሚሉትን የመንገደኞች መመዝገቢያ አቋቋሙ፤ በየከተማው ያለ ቲኬት ሻጭም በሩቅ ባለ ታላቅ ኮምፒዩተር ላይ ለመንገደኛው ወንበር ለመያዝ ቻለ። የእኛም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዚሁ የሴበር ደንበኛ ነው። ስለዚህ በቦሌ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ቲኬት የምትቈርጥ ልጅ፣ ክላውድ የሚለው ቃል በከተማችን ሳይለመድ አስቀድሞ፣ በዓይኗ አይታው በማታውቀው ኮምፒዩተር ትሠራ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ያን ጊዜ ይህን ያህል ዝግጅት ለማቆም የሚችሉት ታላላቆቹ ብቻ መሆናቸው ነው።

ለትንሹም በር የተከፈተው በ1998 ዓ.ም. ነው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የመዝገብ ማኖሪያ ስፍራን፣ በነሐሴም ወር የኮምፒዩተርን ጉልበት በኪራይ ለገበያ አወጣ። ዋጋውም ለአንዲት ኮምፒዩተር በሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ለአንድ ጊጋባይት መዝገብ ደግሞ በወር 15 ሳንቲም ነበረ። ከዋጋው ማነስ ይልቅ የሚያስደንቀው የመስፈሪያው ማነስ ነው። ከዚያ በፊት የኮምፒዩተር ኀይል በኩንታል ይሸጥ ነበር እንበል፤ ከዚያ ወዲህ ግን በቁና፣ አልፎም በስኒ ይሸጥ ጀመር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱን ታላቅ ኮምፒዩተር በፕሮግራም ብልሃት ወደ ብዙ ክፍል ይከፋፍሉታል፤ እያንዳንዱም ክፍል ለተከራዩ የገዛ ራሱ ኮምፒዩተር ይመስለዋል፤ ጎረቤቱን አያይም፤ ጎረቤቱም እርሱን አያይም። ተከራዩ በኢንተርኔት ሆኖ ሲያዝ ክፍሉ በጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በቃኝ ሲል ይመለስና ለሌላ ይሰጣል። የሁሉም ሥራ በአንድ ሰዓት ስለማይበዛ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሠራል፤ ብረቱ ሥራ አይፈታም፤ ዋጋው ሊረክስ የቻለውም ስለዚህ ነው። ዕድር በአንድ ድንኳን መቶ ቤት ለማገልገል የቻለው፣ መቶው ቤት በአንድ ቀን ስለማያዝን አይደለምን?

የሚሸጠውም እንደ ገዢው ዐቅምና ሙያ በልዩ ልዩ መልክ ነው። ጤፉን የሚገዛ አለ፤ ሊጡን የሚገዛ አለ፤ እንጀራውን የሚገዛ አለ። ባዶውን ኮምፒዩተር ተከራይቶ ሁሉን ነገር ራሱ የሚያሰናዳ ሰው ጤፍ እንደ ገዛ ይቈጠራል፤ ይህ ለባለሙያ ነው። ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች መሠረቱ ተዘጋጅቶ ሲቆያቸውና በላዩ የራሳቸውን ሲሠሩበት፣ ሊጡን ገዝተው ይጋግራሉ ማለት ነው። የጥርስ ሐኪሙና ሒሳብ ዐዋቂው ግን የሚሹት እንጀራውን ነው፤ ይኸውም ተሠርቶ ባለቀ የሒሳብ መያዣ፣ የቀጠሮ መመዝገቢያና የደብዳቤ መላላኪያ ፕሮግራም በወር ክፍያ መገልገል ነው። ብዙ ሰው ክላውድ ምን እንደ ሆነ አላውቅም ይላል፤ ነገር ግን ኢሜይሉን ከፍቶ የሚያነብ ሁሉ፣ በስልኩ ያነሣውን ፎቶግራፍ በጉግል ዘንድ የሚያኖር ሁሉ፣ ሳያውቀው ይህን እንጀራ ሲበላ ኖሯል። እንደ እኛ ግምት ደግሞ ከዚህ ጋራ አንድ ሌላ ነገር ይሻሻላል። በከተማችን ከእጅ ወደ እጅ በዲስክ እየተገለበጠ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ሲሠራበት የቆየ ፕሮግራም ብዙ ነው፤ ቫይረሱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእርሱ ጋራ ነው። ዋጋው በወር በወር የሚከፈል፣ መጠኑም ከዐቅም ጋራ የሚስማማ ሲሆን፣ ነጋዴው ወደ ሕጋዊው የሚዞርበት ምክንያት ያገኛል።

ጥቅሙ በምሳሌ ይታይ። አንድ የአስጎብኚ ድርጅት በጥምቀት ሰሞን ከውጭ አገር የሚመጣ እንግዳ ይበዛበታል፤ በክረምት ግን ገበያው ይቀዘቅዛል። የገዛ ሰርቨር ያለው ለጥምቀት የሚበቃውን ገዝቶ ክረምቱን ሁሉ ሥራ ፈት ያኖረዋል፤ ክላውድ የተከራየው ግን በጥር ሦስት ክፍል ይይዛል፣ በሐምሌ አንድ ክፍል ይበቃዋል፤ ሒሳቡም እንዲሁ ይወጣና ይወርዳል። ሒሳብ ዐዋቂውም በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ እንደ ታየው፣ መዝገቡ ከቢሮው ውጭ ያለ እንደ ሆነ በቤቱ ተቀምጦ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሠራተኞቹም እንዲሁ። ደግሞ አዲስ ነገር የሚሞክር ወጣት አለ፤ ሙከራው ባይሳካለት የሚጠፋበት የጥቂት ሰዓት ኪራይ ነው እንጂ የአባቱ ቤት የተያዘበት ብድር አይደለም። እኛ ከጥቅሙ ሁሉ ይህን የኋለኛውን እናስበልጣለን። በአገራችን አዲስ ንግድ የሚጀምር ሰው ያነሰው በአሳብ እጦት አይመስለንም፤ አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ዳግመኛ ለመነሣት የማይችል በመሆኑ ነው እንጂ።

በቁና የሚሸጥ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። የቧንቧ ውሃ ከፍቶ የሄደ ሰው ሒሳቡ እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ የተከራየውን ኮምፒዩተር ሳይዘጋ የረሳ ሰው ላልሠራበት ሰዓት ይከፍላል። ደግሞም ታላላቆቹ ሻጮች መዝገብ ወደ እነርሱ ሲገባ በአብዛኛው አያስከፍሉም፤ ሲወጣ ግን እንደ ብዛቱ ያስከፍላሉ። ውሉን ያነበበ ሰው ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ላላነበበ ሰው ግን የወሩ ደረሰኝ ያስታውቀዋል።

ይህ ሁሉ ጥቅም ካለው፣ የአትላስ ነጋዴ ሁሉ እስከ ዛሬ ለምን አልገባበትም? ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። እንደምናየው የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው እንቅፋት ከደጁ ላይ ይቆማል፤ ይኸውም የክፍያ ነገር ነው። ታላላቆቹ የውጭ አገር ሻጮች ደንበኛ ሲመዘግቡ፣ በዓለም ሁሉ የሚሠራና በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል የባንክ ካርድ ይጠይቃሉ። በብር ለሚነግድ ትንሽ ድርጅት እንዲህ ያለውን ካርድ ማግኘት ብርቱ ነገር ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምንድር ነው? በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ያለ ዘመድ ይለመናል፤ ዘመድም አይጨክንምና የካርዱን ቍጥር ይሰጣል፤ ሥራው ይጀመራል። ነገር ግን በሻጩ መዝገብ ከፋዩ ያ ዘመድ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የሒሳቡ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው እርሱው ነው። የካርዱ ዘመን ያለፈ እንደ ሆነ፣ ዘመድ የተቀየመ እንደ ሆነ፣ ወይም ከክፉ ይሰውረንና የሞተ እንደ ሆነ፣ ክፍያው ይቆማል፤ ክፍያው ሲቆም መዝገቡ ይዘጋል፤ ተዘግቶ የቆየውም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይሰረዛል። ሱቅ ሲከራይ ውሉን በጎረቤቱ ስም የሚያደርግ ነጋዴ አይገኝም፤ የሱቁን ነፍስ የያዘውን መዝገብ በሰው ስም ማኖር ግን እንደ ቀላል ነገር ተቈጥሯል። ከዘመድም ሌላ፣ ሥራውን በጀመረው ወጣት ባለሙያ ስምና በእርሱ የምስጢር ቃል ብቻ የተከፈተ ሒሳብ ብዙ ነው፤ ወጣቱ ሌላ ሥራ አግኝቶ የሄደ ቀን ባለቤቱ ከገዛ ቤቱ ደጅ ቆሞ ይቀራል።

ደግሞ የዶላሩ ዋጋ አለ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበረ፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ በወር 20 ዶላር የሚከፈልበት ፕሮግራም ከ1,140 ብር ተነሥቶ ከ2,600 ብር በላይ ወጣ ማለት ነው። ሻጩ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም፤ አገልግሎቱም አንዲት ጋት አልተሻሻለም። ገቢው በዶላር ለሆነ አስጎብኚ ይህ ብዙ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ሳይጠቅመው አይቀርም። ቡናውን በብር የሚሸጠው የምድር ቤቱ ባለቤት ግን የሁለቱን ዋጋ ልዩነት ከኪሱ ይሞላዋል። ክላውድ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ነው የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል።

ሁለተኛው እንቅፋት መንገዱ ነው። ወፍጮ ቤቱ መልካም ቢሆን ወንዙ በሞላ ቀን እህል አይፈጭም። አገራችን የባሕር በር የላትምና፣ ወደ ዓለም የሚያገናኛት የኢንተርኔት መስመር በጎረቤት አገሮች በኩል፣ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን አቅጣጫ ይወጣል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ የተዘረጉ መስመሮች በተቈረጡ ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ተጎድቶ ነበር። ከዚያም በፊት በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገራችን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል እንዲዘጋ በተደረገ ጊዜ፣ መዝገቡን በውጭ አገር ያኖረ ድርጅት መዝገቡ ሳይጠፋ መዝገቡን አጥቶ ሰነበተ። ታላላቆቹ ሻጮች በአፍሪካ የከፈቱት ቤት በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2011፣ አማዞን በ2012፣ ጉግል በ2016 ዓ.ም. ከፍተዋል። አፍሪካ ውስጥ ነው ተብሎ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ካርታውን ገልጦ ያየ ሰው ኬፕ ታውን ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት ከፍራንክፈርት ርቀት ብዙም እንደማያንስ ያገኛል።

ሦስተኛው የዐደራ ነገር ነው። የሰው ምስጢር የያዘ ሰው በዐደራ ተጠያቂ ነው፤ አሁን ደግሞ በሕግም ተጠያቂ ሆኗል። የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰውን የግል ጉዳይ የሚመዘግብ ሁሉ እንዴት መያዝ እንደሚገባው፣ ወደ ውጭ አገርም ሲተላለፍ ምን መፈጸም እንዳለበት ይደነግጋል፤ አፈጻጸሙንም የሚቈጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የጥርስ ሐኪሙ የሕመምተኞቹን መዝገብ ለክላውድ ሻጭ ሲሰጥ፣ መዝገቡ በየትኛው አገር እንደሚቀመጥ ማወቅ የሱ ፈንታ ነው። ሻጩ ታላቅ መሆኑም ሁልጊዜ መጠጊያ አይሆንም። በመጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ኦ ቪ ኤች የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በስትራስቡርግ ከተማ ካሉት ቤቶቹ አንዱ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ፤ ሌላ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች መዝገባቸውን አጡ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ኮሪያ በዴጆን ከተማ የመንግሥት ኮምፒዩተሮች በሚኖሩበት ቤት እሳት ተነሥቶ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ያስቀመጡት 858 ቴራባይት መዝገብ ሌላ ቅጂ ስላልነበረው ጠፋ። ኮሪያን የምታህል በዚህ ጥበብ የመጠቀች አገር ይህ ከደረሰባት፣ የእኛ ነጋዴ እጥፍ መጠንቀቅ አለበት። የብራና መጻሕፍት ከጦርነትና ከእሳት ተርፈው ለእኛ የደረሱት በአንድ ደብር ብቻ ስላልተቀመጡ ነው፤ ከአንዱ ደብር የጠፋው ከሌላው ተገልብጦ ተገኘ። የአትላስ ሒሳብ ዐዋቂም አንድ ቅጂ በክላውድ፣ አንድ ቅጂ በቢሮው በሚቈለፍ ዲስክ ማኖር አለበት፤ በየጊዜውም ቅጂው ተከፍቶ የሚነበብ መሆኑን ይሞክር። ሳይሞከር የኖረ ቅጂ እንዳለ አይቈጠርም።

እነዚህን ሦስቱን አይተን ስናበቃ ዓይናችንን ከአትላስ ወደ ምሥራቅ እናንሣ። ከቦሌ ወዲያ በጎሮ በኩል አይሲቲ ፓርክ በሚባለው ቅጥር ውስጥ፣ እንደ ዊንጉ፣ ሬድ ፎክስና ራክሲዮ ያሉ ኩባንያዎች ዳታ ሴንተር የሚባለውን የኮምፒዩተር ማኖሪያ ቤት ሠርተዋል። መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር፣ የማያቋርጥ ማቀዝቀዣና ጥብቅ ጥበቃ ያለው ቤት ነው። ከአትላስ ተነሥቶ በታክሲ የሚደረስበት ስፍራ መሆኑን ያላወቀ ሰው ብዙ ይመስለናል። በዚያ የተቀመጠ መዝገብ ባሕር አይሻገርም፤ የቀይ ባሕር መስመር ቢቈረጥም የከተማው ውስጥ መስመር እስካለ ድረስ ሊደረስበት ይቻላል፤ ዐደራውም በአገራችን ሕግ ሥር ይውላል። ለዚህ ሥራ የደከሙትን ሁሉ ማመስገን ይገባል።

ነገር ግን ስለ እነዚህ ቤቶች አንድ የምንለው አለን። የእህል ማከማቻ አከራይና ወፍጮ ቤት አንድ አይደሉም። ዳታ ሴንተር የሠራ ኩባንያ በዋነኛነት የሚያከራየው ስፍራውን፣ መብራቱንና ቅዝቃዜውን ነው፤ የራሱ ሰርቨር ያለው ባንክ ወይም ታላቅ ድርጅት ሰርቨሩን አምጥቶ ያኖርበታል። ይህ ለአገር እጅግ የሚጠቅም ሥራ ነው፤ ሰርቨር ለሌለው ሰው ግን ገና ወፍጮ አልሆነለትም። ወፍጮ የሚሆነው በዚያ ማከማቻ ውስጥ ሌላ ነጋዴ ታላላቅ ሰርቨሮች አቁሞ፣ ከፋፍሎ፣ ለመጣ ሁሉ በቁና የሸጠ ጊዜ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ ብሎ የሰየመው አገልግሎት ወደዚህ የቀረበ ነው፤ በአገር ውስጥ የተቋቋመና በብር የሚከፈልበት በመሆኑም፣ ከላይ የጠቀስነውን የካርድና የዘመድ ጣጣ ያስቀራል። የውጭው ሻጭ ያለው ብዙ ዐይነት ሸቀጥ በአገር ውስጡ ዘንድ ሁሉ አይገኝ ይሆናል፤ ሰርቨሩም ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነውና ዋጋው ከምንዛሪው ፈጽሞ ነጻ አይደለም። ሆኖም የጥርስ ሐኪሙ የሚፈልገው የሸቀጥ ብዛት አይደለም፤ መዝገቡ የሚኖርበት አንድ መልካም ጎተራና በስሙ የተጻፈ ደረሰኝ ነው።

እንግዲህ የቀረው የመስፈሪያው ነገር ነው። ለታላቅ መሥሪያ ቤት የተዘጋጀ አገልግሎት ማመልከቻ፣ ፕሮፎርማ፣ ማኅተምና ቀጠሮ ይወዳል፤ አምስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ግን ለዚህ የሚልከው ሰው የለውም። ቴሌብር በግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የከተማችን ሕዝብ በስልኩ መክፈልን ለምዷል፤ የኢንተርኔት ጥቅልም በጥቂት ብር፣ ለአንድ ቀን ስንኳ ቢሆን፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ይገዛል። የኮምፒዩተር ጉልበትና የመዝገብ ማኖሪያም በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ቅለት፣ በወርና በሰዓት ተሰፍሮ ለመሸጥ የሚከለክለው ነገር አይታየንም። ሻጮቹም፣ የመንግሥቱም ሆኑ የግሎቹ፣ ዋጋቸውን ለጠየቀ ብቻ በደብዳቤ ከሚነግሩ ይልቅ ለሁሉ ቢያስታውቁ መልካም ነው። የአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተርና የመቶ ጊጋባይት ማኖሪያ የአንድ ወር ኪራይ ስንት ብር እንደ ሆነ፣ ቅጂው በስንት ስፍራ እንደሚቀመጥ፣ አገልግሎቱ የተቋረጠ እንደ ሆነም ለደንበኛው ምን እንደሚመለስለት፣ በአንድ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ በየአገልግሎት መስጫው ደጃፍ ይለጠፍ፤ የአትላሱ ሒሳብ ዐዋቂ በምሳ ሰዓቱ ቆሞ ሊያነበው ይችላል።